ተኝቷል ያሉኝ ሦስት እሁዶች

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ሆነ። ለእህቴ ለህይወትና ለሰፈሩ ሰው አስራ አንድ ወር ነው፤ ለእኔ ግን ሦስት ሳምንት ይጎድለዋል። አፈር ከለበስክ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእኔ ዘንድ በህይወት ነበርክ። ልነግርህ የፈለግኩት ስለዚያ ሦስት ሳምንት ነው። ሌላው ሌላው እግረ መንገዱን ይመጣል።

የምጽፈው ከሥራ ቦታ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባል መጋዘን በመጋዘን የሆነ አካባቢ አለ፤ እዚያ ካርቶን እደረድራለሁ። አዎ አባዬ፣ ካርቶን። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በህይወት ሳለህ ብነግርህ ኖሮ የቀረው ደብዳቤ ባላስፈለገኝ ነበር። የምሳ እረፍታችን ሠላሳ ደቂቃ ናት። ስንት ምሳ እንደሚፈጅብኝ እንጃ፣ ትናንትም ይድረስ ለአባዬ ብዬ ጀምሬ ሳንድዊቼን በልቼ ተነስቻለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው ትላለች ህይወት። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን አፍስሶ ነበር፣ አስጠግናዋለች። የሥራ ጠረጴዛህ ላይ ቴሌቪዥኑን አስቀምጣበታለች፤ ብትኖር እንደማትፈቅድላት ታውቃለች። መላጊያህን ያ ጎረቤታችን አናጺ ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ አልመለሰም፣ እንደምታውቀውም አይመልስም። ውሃ ልክህን ግን ለማንም አልሰጠችም። እዚህ ጥቅምት ሳይጋመስ በረዶ ጥሏል። የምኖረው እንደ ድሮው አከራዬ እትዬ አልማዝ ቤት፣ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ጫማዬ ከፊቱ ብረት ያለው የመጋዘን ቡት ነው፤ ለባሌቱ የሠራህልኝን የእንጨት ወለል ብረግጥበት ወለሉ የሚጮህ ይመስለኛል።

ያንን ወለል አስታውሰዋለሁ። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የቀበሌው ወጣት ማዕከል ባሌት ልታስተምር የመጣችው ፈረንጅ ሁለት ዓመት ሠርታ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኛ አስራ ሦስት ልጆች ሲሚንቶ ላይ ቀረን። በጣት የሚቆምበትን ጫማ አድርገን ሲሚንቶ ላይ ስንዘል አየህና ምንም ሳትናገር ወጣህ። በሳምንቱ ከምትሠራበት ቴአትር ቤት የተጣለ የመድረክ ጣውላ በጋሪ አስጭነህ መጣህ። ሁለት ወር ፈጀብህ። ጣውላውን ስትልገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው፣ በመጨረሻም ጫማህንና ካልሲህን አውልቀህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በባዶ እግርህ እየሄድክ እሾህ ስትፈልግ ትዝ ይለኛል። ያንተ እግር ካልተወጋ የእኛ አይወጋም ማለትህ ነበር። የምንይዘውንም አግዳሚ እንጨት ከዋንዛ ጠርበህ ግድግዳው ላይ መታህልን።

ከዚያ ውሃ ልክህን ወለሉ ላይ አስቀምጠህ በሆድህ ተኝተህ ታያት ነበር። የአየር ጠብታዋ መሀል ስትቆም ብቻ ትነሳለህ። ቃሉን እኔም ላይ አመጣኸው። በአንድ እግሬ ቆሜ ሌላውን ወደ ኋላ ስዘረጋ ከበሩ ሆነህ አንድ ዓይንህን ትጨፍንና «ውሃ ልክ!» ትል ነበር። ከዚያ በላይ ምስጋና አታውቅም። ትንሽ ካዘነበልኩ ደግሞ ዝም ትላለህ። ሰፈሩ ሴት ልጁን በውስጥ ሱሪ ያስጨፍራል ብሎ ሲያማህ የመለስክላቸውን እስከ ዛሬ እየደጋገምኩ እስቃለሁ። «እኔ የልጄን እግር አስተምራለሁ፣ እናንተ የልጆቻችሁን ምላስ አስተምሩ።»

ጉዞው ሲመጣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስምንት ሆነን ካልጋሪ ለሚደረግ የወጣቶች የዳንስ ዝግጅት ተጋበዝን። ጉዞውን የሚያዘጋጀው ቢሮ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ ጥሩ አለን። ሄዳ እንደምትመለስና ከተመለሰች በኋላ ሁለት ዓመት በማዕከሉ ልጆች እንደምታስተምር የሚል ወረቀት ነበር። የሌሎቹ ዋሶች እያጉረመረሙ ነው የፈረሙት። አንተ ብዕሩን ከእጃቸው ተቀብለህ ሳታነብ ፈረምክ። ጸሐፊዋ «ጋሽ ወርቁ፣ ያንብቡት እንጂ» ስትልህ «ልጄን አንብቤያታለሁ» አልካት። አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ የመቅረት ሐሳብ በልቤ አልነበረም፣ በእማዬ አጥንት እምላለሁ አልነበረም። ግን ማንበብ ነበረብህ አባዬ፤ ወረቀቱንም እኔንም።

እንዴት እንደቀረሁ ነግሬህ አላውቅም። ዝግጅቱ ባለቀ በማግስቱ አንዲት አሮጊት መምህርት ጠዋት ክፍሏ ገብተን እንድንለማመድ ጋበዘችን፣ ሌሎቹ ሱቅ ሄዱ፣ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ሴትዮዋ ትከሻዬን ዝቅ አደረገችልኝና አለፈች። የማን ልጅ ነሽ አላለችኝም። አገር ቤት እግሬን ባነሳሁ ቁጥር አብሮኝ የሚነሳ ነገር ነበር፤ ያንተ ስም፣ የሰፈሩ ወሬ፣ ማዕከሉ ውስጥ እንዳስተምራቸው የሚጠብቁኝ አስራ ሁለት ትንንሽ ልጆች። ያን ቀን እግሬ ብቻ ተነሳ። ነፃነት ምንድነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ያ ነው የምለው። ስለዚህ እያለቀስኩ አይደለም የቀረሁት፣ ደስ ብሎኝ ነው። አውቶቡሱ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሊነሳ ሲል ጃኬት ረሳሁ ብዬ ወረድኩ። ጃኬቱን ለብሼው ነበር፤ ማንም አላስተዋለም።

እዚህ ያለን ሰዎች «ቀረሁ» እንላለን፣ አገር ቤት ያሉት «ቀረች» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው። እኔ ስለው ቤት የሠራሁ ይመስላል፤ እነሱ ሲሉት መንገድ ላይ ከጭነት የወደቀ ዕቃ ይመስላል።

አንተ ላይ የደረሰውን የሰማሁት ከሞትክ በኋላ ነው። ገንዘብ አልጠየቁህም፤ ከአናጺ ክፍል አውጥተው በር ላይ ፈታሽ አደረጉህ። ሠላሳ ዓመት መድረክ የሠራህበት ቤት በር ላይ ቆመህ የሰው ቦርሳ ስትከፍት ኖርክ። በስልክ ያልከኝ ግን «ሥራ ቀለለኝ፣ ተቀምጬ ነው የምውለው» ነበር። አመንኩህ፤ ማመን ይመቸኝ ነበራ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ ልጆች ተራቸው ደርሶ ሊጓዙ ሲሉ «ያቺ ቀርታለች» ተብሎ ጉዞው ተሰረዘ። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን እየከፈትክ በመዶሻ ጣውላ እየመታህ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ትቆጥርላቸው ነበር አሉ። የባሌት ሀ ሁ የማታውቀው ሰውዬ! ሲሳሳቱ ደግሞ «ተዉት፣ ማህሌት ስትመጣ ታስተካክለዋለች» ትላቸው ነበር። ስህተቱን ይዘው አደጉ።

እኔስ? ሁለት ዓመት ጨፈርኩ፣ እውነቴን ነው። በአንድ ትንሽ የባሌት ቡድን ውስጥ ከኋላው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛ። የላኩልህ ፎቶዎች የዚያን ጊዜ ናቸው። በሦስተኛው ክረምት የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። መድረክ ላይ ቢሆን ለወሬ ይመች ነበር፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ በረዶ አንሸራትቶኝ ነው። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ሐኪሙ መራመድ ትራመጃለሽ፣ መዝለል ግን እርሽው አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ያን ዕለት ልደውልልህ ስልኬን አንስቼ ነበር። ገና ሃሎ ሳልል ስለ አዲሱ ዝግጅት ጠየቅከኝ። «ጥሩ ነው፣ እየተለማመድን ነው» አልኩህ።

ስንቅና ሐሰት እያደረ ይቀላል ይባላል። ስንቁን አላውቅም፣ ሐሰቱ ግን እኔ ላይ እያደረ ከበደ። ስድስት ዓመት የድሮ ፎቶ ከወዲህ ከወዲያ እየቆረጥኩ ላክሁልህ። አንድ ጊዜ ብቻ «ያቺን ቀሚስ ወደድሻት መሰለኝ» አልከኝ። አውቀህ ይሁን ሳታውቅ እንጃ። የካናዳ ፓስፖርቴ ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው መምጣት እችል ነበር። ህጉ አልከለከለኝም፣ ሥራም አልከለከለኝም። የከለከለኝ ከበሩ እስከ አንተ ወንበር ያለው አስር እርምጃ ነው። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ታየኛለህ፣ እያነከስኩ እመጣለሁ፣ አንተም ዝም ትላለህ።

አምና ጥቅምት ላይ ህይወት ደውላ ሆስፒታል መግባትህን ነገረችኝ፤ ብትመጪ ጥሩ ነው አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «ትልቅ ሾው አለኝ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አርብ ቀን። መሪዋ ዳንሰኛ እኔ ነኝ። እንዳለቀ እመጣለሁ።» ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ኋላ እንደሰማሁት አንተ ዜናውን ለአልጋ ጎረቤቶችህ ሁሉ አዳርሰሃል። ለነርሷም ሳይቀር አርቡን በጣትህ ስትቆጥርላት ነበር አሉ። ከዚያ ሕመሙ ሲጠናብህ ህይወትን ጠርተህ «እኔ አንድ ነገር ብሆን ከሾው በፊት እንዳትነግሯት። እግሯ ይንቀጠቀጣል» አልካት። ይህ ነው ኑዛዜህ። ቤቱን ለማን፣ ዕቃውን ለማን አላልክም።

ኅዳር ሲገባ ሐሙስ ቀን አረፍክ። እሁድ ደወልኩ። ከህይወት ድምፅ ኋላ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማኛል። ምንድነው ስላት «ሰፈር ውስጥ ሰርግ አለ፣ ድንኳን ተጥሏል» አለችኝ። ድንኳኑስ እውነት ነበር፣ የእኛ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ያንተ ነበር። እሷ ስልኩን ይዛ መንገድ ድረስ ወጥታ ነው ያናገረችኝ። አባዬስ ስላት «ተኝቷል» አለች። ቶሎ ተሰናበትኳት።

በሁለተኛዋ እሁድ ደግሞ «ሾውሽ የፊታችን አርብ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ የሚያረዱኝን ሰዎች ቀን ልታስይዝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ቪዲዮ ልትጠይቀኝ መሰለኝና «ተገፍቷል፣ በአንድ ሳምንት ተራዝሟል» አልኳት። ከዚያ «እሺ» አለች፤ እንዲያ ያለ እሺ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። አባዬስ? ተኝቷል። ሐዘን ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ እኔን ለማሳቅ ስለ ሰርጉ ምግብ አወራችልኝ። ሦስተኛዋን እሁድ እንግዲህ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ባላራዝመው ኖሮ አትኖርም ነበር። በእሷም ቀን ደወልኩ፣ ተኝቷል ተባልኩ።

የአገራችን ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ ታውቃለህ፤ እዚህም አልቀረም። ሐሙስ ማታ እትዬ አልማዝ ከላይ ወርደው «ቅዳሜ ሺፍት አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ኦፍ ነኝ አልኳቸው። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አስር የሚሆኑ ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ ድረስ በዚያ በረዶ ነድተው መጥተዋል። ሁሉም ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሰው እስከ አንገታቸው ዘግተውታል። እንዴት አልጠረጠርኩም? እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። እትዬ አልማዝ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙና «ማሂ፣ ሾውሽ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

እኚህ ሴትዮ የምሠራው መጋዘን እንደሆነ ያውቃሉ። ህይወት ስለ ሾው ስትነግራቸው የማታ ልምምድ ሳይኖረኝ አይቀርም ብለው አመኑላት። ዓይናቸውን አየሁ፣ አስሩንም ሰው አየሁ። ከዚያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጥሩ ነበር እትዬ፣ ሰው ሞልቶ ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም «ተመስገን፣ አባትሽ የሚፈልገው ይሄንን ነበር» አሉና የጃኬታቸውን ዚፕ ወደታች ሳቡት። ከውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዚፓቸውን ከፈቱ። የዚያን ዚፕ ድምፅ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ሰው ጃኬቱን ሲያወልቅ እሰማዋለሁ፤ ሥራዬን ትቼ መጸዳጃ ቤት እገባለሁ።

አለቀስኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ሰዎቹ ያዙኝ። ያልጠበቅኩት ግን አንድ ነገር ነበር። አንተ ከሞትክ ሃያ ሦስት ቀን እንደሆነህ ሲነግሩኝ ጣቶቼ መቁጠር ጀመሩ። በተቀበርክ ቀን ምን እሠራ ነበር? ካርቶን ስደረድር ነበር። በሰልስትህ ቀን? ፀጉሬን እየተሠራሁ። ሰው ሁሉ ለጭፈራዬ ሲል ሐዘኑን አፍኖ ያዘ፣ ጭፈራው ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ የውሃ ልክህን ጠብታ ከመሀል የሚያዛንፍ ነገር አልነበረኝም።

ይህንን ለማንም ሳልናገር አስር ወር ኖርኩ። ባለፈው እሁድ ህይወት ስለ ሙት ዓመትህ ዝግጅት ስታወራኝ «የዚያን ሾው ቪዲዮ ይዘሽልን ነይ። አባዬ ያላየውን እኛ እንየው፣ የሰፈሩም ሰው ይጠይቃል» አለችኝ። ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ጉልበቴን፣ መጋዘኑን፣ ፎቶዎቹን፣ የተገፋውን አርብ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ታዲያ ለማን ብዬ ነው ያን ሁሉ ቀን አፌን ይዤ የከረምኩት?» አለችኝ። ስልኩንም ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም። ዛሬ ጠዋትም ሞክሬ ነበር።

አዳራሹ እንደሌለም የነገረችኝ በዚያው ንግግር መሀል፣ ቀድማ ነበር። ቀበሌው አስተማሪ ከሌለው ብሎ ለዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል። ወለልህን ነቅለውት መደርደሪያ ሠርተውበታል። ከሴቶቹ ልጆች ሁለቱ አግብተዋል፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት፣ የቀሩትን አታውቅም። የዋንዛውን አግዳሚ ግን እሷ ለምና ወደ ቤት አምጥታዋለች፤ ጓሮ ሁለት ቋሚ ላይ አስራ ልብስ ታሰጣበታለች። እንግዲህ የፈረምክልኝን ሁለት ዓመት ብመጣም የምከፍልበት ቦታ የለም። ይህን ስሰማ፣ ልንገርህ፣ ከሐዘኑ በፊት ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

ትኬት ቆርጫለሁ አባዬ። ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ። ህይወት በሩን ትክፈትልኝ አትክፈትልኝ አላውቅም፤ ልምጣ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ከበሩ እስከ ወንበርህ ያለውን አስር እርምጃ ድንኳን ውስጥ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት እሄደዋለሁ፣ በዚሁ እግሬ። ለዚህች ነው እንዴ የቀረችው ይበሉ። ከበሩ ሆኖ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ግን የለም። ከዚያ በኋላ እመለስ እንደሆን፣ እዚያው እሆን እንደሆን ዛሬ ልነግርህ አልችልም። ከእንግዲህ ላንተ የማላውቀውን አላወራም።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ አባቱን የሚረሳ ማን አለ? ወለሉንም፣ ውሃ ልኩንም፣ ባዶ እግርህንም ሳልፈልግ አስታውሳቸዋለሁ። እንደማልረሳ ቃል የምገባልህ ሌላ ነገር ነው፤ ለህይወት እንኳ ያልነገርኳት፣ እሷም ደግነት መስሏት ያለፈችው። በሦስቱም እሁድ አባዬ ተኝቷል ስትለኝ እፎይ እል ነበር፣ ያን ቀን ላንተ መዋሸት አይኖርብኝማ። እሷ እንባዋን እየዋጠች ልቀስቅሰው ወይ ብላኛለች፣ በሦስቱም እሁድ፣ እንዳልጠረጥራት ብላ። እኔም በሦስቱም እሁድ ያልኳት አንድ ነው፦ «ተዪው፣ እንዳትቀሰቅሽው።»

ልጅህ ማህሌት